ከበሩ ውጭ የተዘራው ቀይ ተልባ

የሚና የምትባለው ሴት ባሏን የቀበረችው ቀይ ተልባ በሚዘራበት ሰሞን ነው። በአልጄሪያዋ ሙዓስከር ባል የሞተባት ሴት የሐዘኗ ወራት እስኪሞላ ከደጅ አትወጣም፤ እሷም ከዚያ ወዲህ መንገዱን የምታየው በመስኮቱ ሳንቃ ስንጥቅ ብቻ ነው። ግቢዋ ጠባብ፣ ግንቡ ከፍ ያለ ስለሆነ ፀሐይ አይገባውም። ፀሐይ የሚያገኘው ከበሩ ውጭ፣ ከግድግዳው ሥር ያለው መደብ ነው፤ ለአበባው የሚዘራው ቀይ ተልባም የሚያብበው እዚያ ነው። ጧት ይፈካል፣ ከሰዓት ይረግፋል፣ በማግስቱ ሌላው ይተካል። አምና ባሏ ታሞ ሳይዘራ ቀረ። ዘንድሮም ካለፈ በጨርቅ የተቋጠረው አሮጌ ዘር እንዳይመክን ፈርታለች፤ ሌላ የላትም።

እኔ ጎረቤቷ ነኝ። «ልዝራልሽ» አልኳት። አማቷ ኸይራ፣ በአክብሮት ላላ ኸይራ የምንላት፣ ሰማችን።

«የሐዘን ቤት በር ላይ ቀይ? ሰፈሩ ምን ይለናል?»

«እማ፣ የሚያብበው ወራቱ ካለቀ በኋላ ነው እኮ» አለች የሚና።

«ሲዘራ ግን ዛሬ ይታያል።»

ነገሩን ለመስጊዳችን ሼህ ወሰድኩት። ፈገግ አሉ። «አላህ በሐዘን ቤት ደጅም ዝናቡን ያወርዳል። ኸይራ ዝናቡንም ልትከለክል ነው?»

ቃላቸውን ሳደርስ ላላ ኸይራ ወደ ጓዳ ገባች። የሚናም ዘሩን መልሳ ቋጠረችው።

በማግስቱ ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ አሮጊቷ ቋጠሮውን ይዛ፣ ጉልበቷን እየደገፈች ወጣች። መደቡን በየዓመቱ ይቆፍር የነበረው ሟቹ ልጇ ነው። በእሱ መቆፈሪያ አፈሩን ጫር ጫር አደረገችና ዘሩን አንድ ቦታ ደፋችው።

«እማ፣ በተን አድርጊው» አለች የሚና በስንጥቁ። «በኋላ ተነቅሎ ቢተከል አይጸድቅም። ጠልቆም አይቀበርም።»

«የወለድኩትን ቀብሬያለሁ፤ ዘር መቅበር አንቺ ታስተምሪኛለሽ?»

ይህን ብላ ግን ላላ ኸይራ የደፋችውን መልሳ ለቀመች፤ በጣቶቿ እያሸች በተነችው፤ አፈሩንም በመዳፏ ሳሳ አድርጋ መለሰችበት።

ዝናቡ መጥቷል፣ አልሐምዱሊላህ። የሚና ገና ውስጥ ናት፤ ሳንቃውም አልተከፈተም። ጧት ጧት ላላ ኸይራ ዳቦ ይዛ ስትመለስ መደቡ ላይ ጎንበስ ትላለች።

«እማ፣ ምን አለ?» ትላለች የሚና በስንጥቁ።

«መርፌ መርፌ የሚያህል ነገር። አረም ይሁን ያንቺው ይሁን እንጃ።»

«ቅጠሉ ቀጭን ነው?»

«ቀጭን ነው።»

«እንግዲያው አትንቀዪው።»

«ማን ይነቅለዋል?» ትላለች አሮጊቷ። የሚና ግንባሯን ሳንቃው ላይ አስደግፋ እዚያው ትቆያለች።