እጄን ይቁረጠው

ልብስ ሰፊውን በስፌቱ የሚያማው አልነበረም። በአፉ ግን ራሱን ሲያማ ይውላል። ክር ከተጠላለፈበት፣ ቁልፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከተተከለበት፣ "እጄን ይቁረጠው! የማልረባ!" ይላል። ደንበኞች ይስቃሉ።

"ኧረ እጅዎን ይተዉት፤ ሱሪዬን ማን ሊጨርስልኝ ነው?"

ሚስቱ መሳቅ ከተወች ቆይታለች። ካውያዋን እየገፋች፣ "አንተ ሰው፣ ራስህን ውቀስ፣ ማን ከለከለህ? ግን አትኮንን" ትለዋለች።

"ምን ለየው?"

"የተወቀሰ ይታረማል። የተኮነነማ አለቀለት፤ ምኑ ይታረማል?"

እሱም "እውነትሽን ነው" ብሎ በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ያፈሰዋል።

በሁለተኛው የስፌት መኪና የምትሰፋው ልጃቸው ናት። እጇ በአባቷ ወጥቷል፤ አፏም በሱ መውጣቱን ግን ማንም ልብ አላለም። አንድ ቀን አንዲት ባልቴት የሟች ባላቸውን ካፖርት አምጥተው፣ "በኔ ልክ አድርጉልኝ፤ ሌላ የቀረኝ ነገር የለም" አሉ። ልጅቱ ካፖርቱን ፈታች፣ የእጅጌው ልክ ያለበትን ወረቀት ጨርቁ ላይ አስቀምጣ ቆረጠች። ለቀኙ ወረቀቱን መገልበጥ ረስታ ኖሮ ሁለት የግራ እጅጌ ወጣ።

"እጄን ይቁረጠው" አለች በቀስታ። "የማልረባ ነኝ። አባዬ፣ ከእንግዲህ መቀስ አልነካም።"

መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ከታ ቦርሳዋን አነሳች። አባትየው ክው አለ። ቃሉ የሱ፣ ድምፁ እንኳ የሱ ነው። "አይዞሽ" ሊላት ፈለገና አፈረ፤ ራሱን ሲኮንን የኖረ ሰው አይዞሽ ቢል ማን ያምነዋል? ሚስቱ ቀና ብላ አየችውና ካውያዋን መግፋት ቀጠለች። ብትናገረው በወደደ ነበር።

ካፖርቱን አገላበጠው። ሟች ግዙፍ ሰው ነበሩ፤ ከጀርባው ትርፍ ጨርቅ አንድ የቀኝ እጅጌ ይወጣል፣ መሀሉ ላይ ስፌት ቢኖረውም። መቀሱን ከመሳቢያው አውጥቶ ጀመረ። ልጁ ወደ በሩ ስትሄድ እያየ ነበርና መስመሩን ሳተ።

"እጄን..." አለ እንደ ልማዱ።

በሩ ላይ የደረሰችው ልጅ ቆመች። ዞር ብላ አየችው። የካውያው ድምፅም ቆመ።

"እጄን..." የቀረውን ቃል ዋጠው። "እጄን ያዢልኝ፣ ልጄ። መስመር ሳትኩ።"

ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ መጥታ ያዘችለት።