አባባ የሚዘፍንበት ካሴት

ልጄን ከዚያ ባንድ ጋር ለማስተዋወቅ የቸኮልኩት ገና ሆዴ ውስጥ ሳለች ነው። ሌላዋ እናት የልጇን የክርስትና ድግስ ታስባለች፤ እኔ ትራምፔቶቹን መቼ ትሰማልኝ ይሆን እላለሁ።

ምክንያት አለኝ። ሳላገባ መሃል ከተማ አንድ ሆቴል ብርጭቆ አጥብ ነበር። ባንዱ የሚጫወተው እዚያ ነው። ከፊት ለፊት ግን አንድም ቀን አይቻቸው አላውቅም። ከዕቃ ማጠቢያው በር ላይ ሆኜ የማየው የከበሮ መቺውን ጀርባና የሳክስፎን ነፊውን ክርን ብቻ ነው። ዘፈኖቻቸውን ግን የትኛው ላይ ስንት ብርጭቆ እንደሰበርኩ ሳይቀር አውቃቸዋለሁ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ እኔም አገባሁ። ከኮተቤ መንገድ ወደ ላይ፣ የእንጦጦ ተራራ ሥር፣ ባህር ዛፉ መሃል የቀበሌ ቤት ደረሰን። መብራት ከአስፋልቱ ዳር አልፎ አልመጣም። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበር ከአሰብ አንዲት ትንሽ ቴፕ አመጣልኝ። እኔ ደግሞ የባንዱን ካሴት አፈላልጌ አገኘሁ። ችግሩ የባትሪ ድንጋይ ነው። የኅብረት ሱቁ ድንጋይ በተራ ነው የሚያድለው፣ እሱም ቆይቶ ጉልበቱ ያለቀ ነው። ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ እናሞቀዋለን፣ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፣ ከዚያ ካሴቱ እየተጎተተ ይዞራል። ዘፋኙም ድምፁ ይወፍራል፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያኘከ ነው የሚያወጣው።

ልጄ ጆሮዋ ሲከፈት ያገኘችው ይህንን ነው።

«እማዬ፣ ማነው የሚዘፍነው?»

«ባንድ ነው።»

«ባንድ አይደለም፣ አባባ ነው» አለች።

ሁለቱም ወንድ አያቶቿ ሳትወለድ ነው የሞቱት። ጎረቤት ያሉት ልጆች ሁሉ አንድ አንድ አባባ አላቸው፤ እሷም ከቴፑ ውስጥ አገኘች። እኔ ምን ከፋኝ? ሙዚቃውን ወደደችልኝ። ድንጋዩ ጨርሶ ሊያልቅ ሲል «አባባ እንቅልፉ መጣ፣ ይተኛ» ትልና ራሷ ታጠፋዋለች።

አንድ ቀን ባለቤቴ ከድሬዳዋ አዳዲስ ድንጋይ ይዞ መጣ። ከተን ከፈትነው። እኔ ከስንት ዘመን በኋላ የሆቴሉን ድምፅ ሰማሁና ወገቤን ይዤ ተነሣሁ። ልጄ ግን ቴፑን ትኩር ብላ አየችው።

«ይሄ ማነው?»

«ያው ነው እኮ!» አላት አባቷ እየሳቀ። «አባባ ጠግቦ በላና ወጣት ሆነ!»

«አባባን የት አደረጋችሁት?» ብላ መሬት ላይ ተዘረረች። ለቅሶው የሰው ሞት ነው። ከዚያ በኋላ ቴፑ በተከፈተ ቁጥር በሁለት እጇ ጆሮዋን ትደፍናለች። የአባቷን ሳቅ አልቻልኩም፤ እኔ የጓጓሁለት ነገር እጄ ላይ እየሞተ እሱ ይስቃል!

ብዙም ሳይቆይ አንድ እሑድ ከሰዓት ባንዱ ለአዳራሽ ማሠሪያ ገንዘብ ሊያሰባስብ ቀበሌያችን መጣ። ዘፋኙን በዓይኗ ካየች ታምናለች ብዬ ይዣት ወረድኩ። መጀመሪያ ግራ እጃችንን አንሥተን መፈክር አሰማን። ሰው ሁሉ እጁን ሲያወርድ እሷ እንዳነሣች ቀረች፣ እኔ ነኝ ያወረድኩላት። ከዚያ ጀመሩ። ለካ ከበሮ መቺው ፊት አለው! ጉንጩ የሞላ፣ ሳቂታ ሰው ነው። እንባዬ መጣ። ዘፈኑ ሲያልቅ ልጄ ቀሚሴን ሳብ አድርጋ «አባባ መቼ ነው የሚወጣው?» አለችኝ።

ሲያበቁ ዕቃቸውን መኪና ላይ ወደሚጭኑበት ወሰድኳት።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ልጄ ዘፋኙ እርስዎ መሆንዎን አላምን ብላኝ ነው» አልኩት።

ዘፋኙ ቁጢጥ አለላት። «ምን ሆንሽ የኔ ቆንጆ?»

«አንተ አባባን ታውቀዋለህ?»

ወደ እኔ ቀና አለ። የድንጋዩን ነገር ነገርኩት። እስኪያስለው ሳቀና ወደ ጓደኞቹ ዞሮ «ሰማችሁ? የኔ ድምፅ ድንጋይ ሲያልቅ ነው የሚያምረው!» አላቸው።

«እኛስ መች ሌላ አልን?» አለው አንዱ ከመኪናው ላይ።

እሱ ግን ፊቱን ኮስተር አድርጎ ወደ ልጄ ተመለሰ። «አውቀዋለሁ እንጂ። አባባ እኮ መድረክ አይወድም፣ ጫጫታ ይረብሸዋል። ቤት ነው የሚዘፍነው። እኛ ልጆቹ ነን።»

ልጄ አንዴ እሱን፣ አንዴ ትራምፔቱን አየችና «እሺ» አለች። በቃ፣ እሺ።

ዳገቱን እየወጣን ነገሩን በራሷ መንገድ ደለደለችው፦ አዲሱ ድንጋይ የልጆቹ ነው፣ አሮጌው የአባባ። ቤት እንደገባን አሮጌውን አስከተተችኝ። እምቢ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ደግሞ ተውኩትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ድንጋዩ ሲደክም እናደድ ነበር እንጂ ተቀምጬ ሰምቼው አላውቅም።

ካሴቱ እየተንቀራፈፈ ዞረ። ከዘፋኙ ሥር፣ ቀስ ብሎ፣ እየረገጠ የሚሄድ ሌላ ነገር ሰማሁ። የቤዝ ጊታሩ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ብርጭቆ ሳጥብ አልፎኛል።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አልኳት።

«አታውቂውም እንዴ?» አለች ልጄ፣ በኔ አዝና። «አባባን ከኋላ ከኋላው የሚሸኘው ሰውዬ ነዋ!»

«አላውቀውም» አልኩ። «እስቲ ደግመሽ አሰሚኝ።»