ዱቄቱ ንጹሕ ነበር

የታሰርሁት በገዛ ፊርማዬ ነው።

ደብረ ታቦር ከነበረው የጦር ሰፈር ዘጠኝ ወታደሮች ቁርስ በልተው ታመሙ፤ ሦስቱ ሞቱ። መርማሪ ይላክ ተባለና ከአዲስ አበባ እኔ ተላክሁ። በወጣትነቴ ጦሩ ወደ ሶቪየት ኅብረት ልኮ ከኬሚካልና ከኑክሌር ጥቃት መከላከልን አስተምሮኛል። ስመለስ የምከላከለው ጥቃት ስላልነበረ በወንጀል ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ ደምና መርዝ ስመረምር ዓመታት አለፉ።

የታመሙትን ሳያቸው ወዲያው ገባኝ። የዓይናቸው ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አህሏል፤ ላብና ለሃጭ አጥለቅልቋቸዋል። ስለ ነርቭ ጋዝ ስንማር በቃሌ የያዝሁት ምልክት ነው። ግን ጋዝ የጣለ ጠላት አልነበረም። ወጥ ቤቱ ደጃፍ አዲስ የመጣ የውኃ በርሜል ቆሟል። ክዳኑን ስከፍት ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ ቀድሞ የተባይ ማጥፊያ የነበረበት በርሜል ነው። ሻዩም የተፈላው፣ ሊጡም የተቦካው በዚያ ውኃ ነበር። ዱቄቱን ለብቻው መረመርሁት። ምንም የለበትም። ያየሁትን ጽፌ ፈረምሁ።

በማግስቱ ሊሸኘኝ የመጣው መኪና እስር ቤት አወረደኝ።

ክፍሉ የእህል መጋዘን የነበረ ነው። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው ቀዳዳዎች ብቻ ነው። የጉና ተራራ ብርድ ከወለሉ ተነሥቶ አጥንት ውስጥ ይገባል። ከገሳይ የመጣ አንድ ገበሬ ጋቢውን ሰብሰብ አደረገና «ና ወንድሜ፣ እዚህ ጎንህን አሳርፍ» አለኝ። ከወዲያኛው ጎኔ ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የሐሙሲት ነጋዴ ናቸው፤ ሁሉም «ሐጂ» ይሏቸዋል።

«በምን ገባህ ልጄ?» አሉኝ።

«በወረቀት።»

«እኔ በዱቄት» አሉ። «ለወታደር ዱቄት ሸጥሁ። መርዝ ጨምረህበታል አሉኝ።»

ዝም አልሁ። ሦስት ቀን ዝም አልሁ። ከመካከላችን ጆሮ ጠቢ ይኖራል ብዬ ነው እያልሁ ራሴን አሳመንሁ። እውነቱ ግን አፌን ከዘጋሁ ይፈቱኛል የሚል ተስፋ ነበረኝ።

ለሐጂ ከቤታቸው ዳቦ ይመጣላቸዋል። የተጠቀለለበትን ጨርቅ ዘርግተው «ብሉ እንጂ» ይላሉ። ሰው ሁሉ «ጠግበናል፣ አላህ ይስጥልን» ይላቸዋል። ማንም አልጠገበም። ሐጂም ይህን ያውቃሉ፤ ብቻቸውን ጥቂት ቆርሰው መልሰው ይጠቀልሉታል። እኔም ጠግቤያለሁ አልሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የጦር ሰፈሩ ካድሬ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ በታይፕ የተጻፈ አንድ ገጽ አስቀምጧል። በዱቄቱ ውስጥ መርዝ ተገኝቷል ይላል።

«ጓድ ሻምበል፣ ሰው ይሳሳታል» አለኝ በለሰለሰ ድምፅ። «አርመህ ፈርም። ከሰዓት በኋላ ወደ ልጆችህ ትሄዳለህ።»

«በርሜሉስ?»

«የትኛው በርሜል?»

«ሽማግሌውስ ምን ይሆናሉ?»

«እሱ የአብዮቱ ጉዳይ ነው።»

እስክሪብቶውን መለስሁለት። ጀግንነት አልነበረም። ያላየሁትን ፈርሜ ስለማላውቅ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልተርከውም። ወደ ክፍሉ የተመለስሁት በሁለት ሰው ተደግፌ ነው።

ሐጂ የራስ ጥምጥማቸውን ፈትተው አፌን ጠረጉልኝ። «ምን ፈልገውብህ ነው?»

«ዱቄትዎ መርዝ አለበት እንድል።»

«አንተን ምን አግብቶህ?»

«የመረመርሁት እኔ ነኝ።»

እጃቸው ቆመ። «ሦስት ቀን ሙሉ ጎኔ ተኝተህ?»

«አዎ ሐጂ።»

ጥምጥማቸውን አጣጠፉት። «ምን አገኘህበት?»

«ንጹሕ ነው።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ» አሉ። «ለነዚህ ንገራቸው።»

ግድግዳውን ተደግፌ ተነሣሁ። ለአለቆቼ እንደማቀርበው አድርጌ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርሁ። ዱቄቱ ከየጆንያው ተወስዶ ተመርምሯል፤ መርዝ የለበትም። ወታደሮቹን የገደለው የበርሜሉ ውኃ ነው። የመረመርሁትም የምመሰክረውም እኔ ነኝ አልሁ። የበሩ ጠባቂ መስማት አለመስማቱን አላየሁም። ከዚያ ዞር ብዬ «ሐጂ፣ ዳቦ ይስጡኝ» አልኋቸው።

«ቢስሚላህ» ብለው ቆረሱልኝ። ከንፈሬ አብጦ ስለነበር ማኘኩ ጊዜ ወሰደ። ሁሉም ያዩኛል። ዋጥሁና እንደገና እጄን ዘረጋሁ። የገሳዩ ገበሬም «ለኔም ይድረሰኝ እንጂ ሐጂ» ብሎ እጁን ዘረጋ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ለሐጂ የተረፋቸው ፍርፋሪ ነበር። እሱንም ከጨርቁ ላይ ለቅመው ጎረሱት።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የሐጂ ስም ተጠራ። ጫማቸውን አድርገው «አፉ በሉኝ» ብለው ይቅርታ ጠይቀውን ወጡ። አልተመለሱም። ቆይቼ እንደሰማሁት፣ እኔ ያልፈረምሁትን ወረቀት ራሴ ያስተማርሁት ባለሙያ ፈርሞታል። ጥሩ አድርጌ ነበር ያስተማርሁት።

እኔ የተፈታሁት ደርግ ሲወድቅ ነው። አንድ የገበያ ቀን ሐሙሲት ሄጄ የሐጂን ሱቅ ጠየቅሁ። ልጃቸው ከባንኮኒው ጀርባ ቆሟል። ማን እንደሆንሁ ስነግረው ወንበር አቀረበልኝ።

«ሰምተናል» አለ። «የገሳዩ ሰውዬ እንደተፈታ በእግሩ መጥቶ ነገረን። ለእኛ ብቻ አይደለም፤ ገበያው መሐል ቆሞ ለሕዝቡ ተናገረ። እናቴ ከዚያ ወዲህ ነው ቀና ብላ የሄደችው።»

ደስ አለኝ። ለመሄድ ስነሣ ግን ጠየቀኝ፤ «በርሜሉን ማን እንዳመጣው ጽፈው ነበር?»

ያመጣው የሰፈሩ ንብረት ክፍል ኃላፊ ነው። የካድሬው የእህት ባል ነበር። ይህን እዚያ ሰፈር የማያውቅ ሰው አልነበረም።

«አልጻፍሁም» አልሁ።

«ለምን?»

«የኔ ሥራ መርዙን ማግኘት ነበር። ሰውን መፈለግ የሌላ ክፍል ሥራ ነው።»

ራሱን ነቀነቀና ስኳር ልትገዛ ወደ ገባች ሴት ዞረ።

አሁን ጡረተኛ ነኝ። ለልጁ የሰጠሁት መልስ ትክክል ነበር፤ የሥራ መመሪያችንም እንደዚያ ይላል። የንብረት ክፍሉን ኃላፊ ስም ብጽፈው ኖሮ ሐጂ ይድኑ ነበር ብዬም አላስብም። ምናልባት ሁለታችንም በአንድ ቀን እንሄድ ነበር። ሰውዬው አሁንም በሕይወት አለ፤ ስሙንም ከነአባቱ አውቀዋለሁ። ይህን ሁሉ ስጽፍም አልጻፍሁትም።