እንቅልፍ የሌለው ተረኛ

ቁጭ ብዬ መጠበቅ አልችልም። አዋሽ ኬላ ላይ ስሠራም እንዲሁ ነበርኩ፤ ሳጅን ሆኜ ሰመራ ከተዛወርኩ በኋላ ደግሞ ባሰብኝ። ከቢሮ ወደ በር፣ ከበር ወደ ቢሮ ስመላለስ እውላለሁ። የጎደለ ነገር ካየሁ ቶሎ ካልሞላሁት እረፍት የለኝም። ጥፋቴም የመጣው ከዚሁ ጠባዬ ነው።

ከአዋሽ ጀምሮ አብሮኝ የሠራ አንድ ኮንስታብል ነበር፤ የወሎ ልጅ፣ ጨዋታ አዋቂ። አዳይቱ አጠገብ ጥጥ ለቃሚዎችን የጫነ አይሱዙ ከተሳቢ ጋር ሲጋጭ ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው። ከሟቾቹ ኪስ መታወቂያ እያወጣ ለየቤተሰቡ የደወለውም እሱ ነው። ከሟቾቹ ሁለቱ የራሱ ቀበሌ ልጆች ሆነው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣ።

ይህን ያወቅነው ራሱ ነግሮን አይደለም። እኛ ዘንድ ታመምኩ የሚለው እግሩ የተሰበረ ወይም ወባ የያዘው ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው ሆድ ይፍጀው ነው። እንቅልፍ አጣሁ ያለ ሰው መሣሪያውን ይነጠቃል ብለን እንፈራለን፤ ያለ መሣሪያ የታየ ፖሊስ ደግሞ የሰፈር ወሬ ይሆናል። ክፍል የሚጋሩት ልጆች ግን በነቁ ቁጥር አልጋው ላይ ተቀምጦ ያገኙታል። መጀመሪያ ሚስቱ የወለደችለት ባልደረባችን «አንተ እንደሆነ አትተኛም» ብሎ የሌሊት ተራውን ሰጠው። «አብሽር» አለና ተቀበለ። ቀጥሎ ጥርሱን ያመመው መጣ፤ ቀጥሎ እንግዳ የመጣበት።

በመጨረሻ የተረኛ ዝርዝር የማወጣው እኔ ራሴ፣ ሰው በጎደለ ቁጥር የእሱን ስም መጻፍ ጀመርኩ። ብቻውን ከሚብሰለሰል ሥራ ላይ ቢሆን ይሻለዋል እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። እውነቱን ለመናገር ተመችቶኝ ነበር። «የሰመራ ጅብ እንኳ አንተን ፈርቶ በጊዜ ገባ» እያልኩ አሾፍበታለሁ፤ እሱም ይስቃል። ሲስቅ ጉንጩ መጉደሉን አይቻለሁ። አይቼም ዝም ብያለሁ።

አንድ ቀን በቀትር፣ ሎጊያ መግቢያ ላይ መኪና እናስቆማለን። ከጅቡቲ በኩል አንድ ተሳቢ መጣ። ኮንስታብሉ እጁን አንስቶ መሃል መንገድ ገባ። ሾፌሩ ፍሬን ቢይዝም ጭነቱ መኪናውን ይገፋዋል፤ ጥሩምባው ያንባርቃል። ማንም ሰው ቢሆን ዘሎ ይወጣል፤ እሱ ግን ቆመ። ሮጬ ቀበቶውን ይዤ ጎተትኩትና ሁለታችንም ጠጠሩ ላይ ወደቅን።

ሾፌሩ መኪናውን አለፍ አድርጎ አቁሞ ወረደ። «ሳጅን፣ ይሄ ሰውዬ ምን ሆኗል? ነፍሰ ገዳይ ሊያደርገኝ ነው እንዴ?»

«ለምን አልሸሸህም?» አልኩት ኮንስታብሉን።

«ይቆማል ብዬ» አለ። ጠጠሩን ከመዳፉ አራገፈና፣ «ባይቆምም ወላሂ ግድ አልሰጠኝም» አለኝ።

ደነገጥኩ። መሣሪያውን ከትከሻው ሳወርድ አልተከላከለኝም። በቀጥታ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። የጤና መኮንኗ በዕድሜ ጠና ያለች ሴት ናት። ወንበር ብትሰጠኝም መቀመጥ አቃተኝ፤ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ።

«እንቅልፍስ?» አለችው።

«ለፈጅር ሶላት ሲቃረብ ትንሽ ያሸልበኛል።»

«በዚህ ሁኔታህ ሌሊት በሌሊት የሚያሠራህ ማን ነው?»

ወደ እኔ ሳያይ «ራሴ ጠይቄ ነው፤ እነሱማ እረፍ እያሉ ይለምኑኛል» አለ።

ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንሠራ ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም። የምገባበት ጠፋኝ። «ውሸቱን ነው» አልኩ፤ «ስሙን የምጽፈው እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝ። የሌሊት ሥራም መሣሪያም እንዳይሰጠው፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪም እንዲያየው ጻፈችና ለሐኪሙ ልትደውል ወጣች።

ብቻችንን ስንቀር መሣሪያዬን ወሰድክብኝ ብሎ ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን የሚያየው መሬት መሬቱን ነበር።

«ዝርዝሩ ሲለጠፍ ከሁሉ ቀድሜ ሮጬ የማየው እኔ ነበርኩ፤ አይደል ሳጅን?»

«አዎ፤ ሥራ ስለምትወድ ነው እል ነበር።»

«አይደለም» አለኝ። «ዛሬስ ሳጅን አዝኖልኝ ስሜን ትቶት ይሆን እያልኩ ነው።»