ለትንፋሽ የወጣ ዕጣ

የደም ግፊት እንዳለብኝ ከነገረችኝ ነርስ ጋር ተጣልቼ ነው የወጣሁት። ፈተናውን አልፌ፣ ቃለ መጠይቁን አልፌ፣ ስንቱን ሰው ለምኜ ዋስ አግኝቼ፣ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለ መጋዘን የዕቃ ተቆጣጣሪ ሆኜ ልቀጠር የቀረኝ የጤና ምርመራ ብቻ ነበር። ነርሷ መለኪያውን ክንዴ ላይ ጠቅልላ መንፋት ስትጀምር ልቤ እንደ ወፍጮ ቤት ይንጓጓ ጀመር። ከፍተኛ ነው አለችኝ። መሣሪያሽ ተበላሽቷል አልኳት። ደግማ ስትለካ የባሰ ወጣ። ይኸው፣ ራሱ ከራሱ ጋር አይስማማም ብዬ ለማስረዳት ድምፄን ከፍ ሳደርግ፣ ቀጥሎ የተለካው ከሁለቱም በለጠ።

ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነበር። "ከፋሲካ በኋላ ና" አለኝ። "ያን ጊዜም እንዲህ ከሆነ ግን ቦታውን ለተጠባባቂ እንሰጣለን።" ተጠባባቂ የሚለው ቃል ራሱ ግፊቴን ሳይጨምረው አልቀረም። ተመርቄ ጉርድ ሾላ እህቴ ቤት ከተቀመጥኩ ቆይቻለሁ። የእህቴ ባል ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም፤ ግን ራት ላይ የጋዜጣ የሥራ ማስታወቂያ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀምሯል። ያን ሥራ ካጣሁ ምን እንደምሆን አላውቅም ነበር፤ ፈርቻለሁ።

ሰፈሩ ሁሉ ሐኪሜ ሆነ። እህቴ በባዶ ሆዴ ነጭ ሽንኩርት አስዋጠችኝ፤ ታክሲ ውስጥ ስገባ ሰው መስኮት መክፈት ጀመረ። ጎረቤት ተልባ በጠበጠችልኝ። ሌላዋ ጠበል ሂድ አለችኝ፤ ሄድኩ፣ ተራ የሚያልፍ ሰው አጋጠመኝና እዚያም ተጣልቼ ተመለስኩ። ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ክሊኒክ፣ ከውጭ ተምራ የመጣች ሐኪም ያለ ኪኒን፣ በአተነፋፈስና ሰውነትን በማፍታታት ብቻ ግፊት ይወርድ እንደሆነ ታጠናለች ሲባል የሰማሁት በዚህ መሀል ነው። ከተወለድኩ ጀምሮ ያለ አስተማሪ ስተነፍስ የኖርኩት ሰውዬ፣ መተንፈስ ልማር ሄጄ ተመዘገብኩ።

ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ስንሰበሰብ አብዛኞቻችን የጉርድ ሾላ ሰዎች ሆነን ተገኘን፤ አንዱ ለአንዱ ነግሮ ነው የመጣነው። ሐኪሟ በትዕግሥት አስረዳችን።

"ሰማያዊ ወረቀት የደረሰው ዓይኑን ጨፍኖ አተነፋፈስ ይማራል። ነጭ የደረሰው ስለ ጨውና ስለ ቅባት ትምህርት ይሰማል። መጨረሻ ላይ የሁለቱን ቡድኖች ግፊት እናወዳድራለን። ማን የት እንደሚገባ እኔም አልመርጥም፣ እናንተም አትመርጡም። ዕጣ ነው።"

ዕጣ ብላ የተናገረችው ለዕቁብተኛ ነው። እዚያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዕጣን የሚያውቀው በዕቁብ ነው። በዕቁብ ደግሞ ዕጣ የወጣለት ሰው፣ ሠርግ የደረሰበት ወይም በሽተኛ የተኛበት ካለ ይለቅለታል፤ የማይለቅ ሰው ስሙ ይነሳል። ሐኪሟ መለኪያዋን ልታዘጋጅ ወደ ውስጥ እንደገባች ግቢው ገበያ ሆነ። አንድ የወሎ ሰው፣ የሰፈራችን ባለ ሱቅ፣ ሰማያዊውን ራስ ምታት ለሚያሰቃያት ጎረቤቱ ሰጠ። ነጭ የደረሳት አንዲት ነፍሰ ጡር ስታዝን ሰማያዊ ከየአቅጣጫው ተዘረጋላት። ማንም ሰው ጥፋት እየሠራሁ ነው ብሎ አላሰበም፤ እንዲያውም ሁሉም ደግ ሥራ በመሥራቱ ፊቱ በርቶ ነበር።

ለእኔ የደረሰኝ ነጭ ነው። የጨው ትምህርት። ደሜ ፈላ። አጠገቤ የተቀመጡት እማማ፣ እህቴ በርበሬና ቅመም የምትገዛቸው ባልቴት፣ ፊቴን አዩት።

"ምን ደረሰህ?"

"ጨው።"

"ያንተ እኮ ሥራህ ነው የተንጠለጠለው። እንካ፣ የእኔን ውሰድ።"

ለወጉ ያህል "ኧረ አይሆንም፣ እማማ" አልኩ። እንዲህ እያልኩ ግን እጄ ወረቀቱን ይዞ ነበር።

ትምህርቱ ሰሌን ላይ በጀርባ ተኝቶ ነው። "ዓይናችሁን ጨፍኑ። ትንፋሻችሁ ወደ ሆዳችሁ ይውረድ" ትላለች ሐኪሟ በለሰለሰ ድምፅ። እኔ ወደ ሆዴ የሚወርደው ምሳ ብቻ ይመስለኝ ነበር። "ትከሻችሁን ልቀቁት" ስትል ትከሻዬን አጥብቄ እለቀዋለሁ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ወዲያው ያንኮራፋል፤ እሱ ያለ ልፋት የተረጋጋው ለምንድነው ብዬ እናደዳለሁ። ትንሽ ቀለል ሊለኝ ሲል አውሮፕላን ከጣሪያው በላይ ያልፋል፣ እኔም ውስጡ ያለውን ዕቃ ሌላ ሰው ሲቆጣጠረው ይታየኛል። በዚያ ሰሌን ላይ በዓለም ላይ ታይቶ የማያውቅ የቁጣ አተነፋፈስ ሳልፈጥር አልቀረሁም።

ሆኖም ውሎ አድሮ ለወጥ አልኩ። የረዳኝ የሐኪሟ ድምፅ አልነበረም፤ የእማማ ውለታ ነው። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር፣ አንዲት አሮጊት ለእኔ ሲሉ ጤናቸውን ትተው እዚያ ማዶ ክፍል በሁዳዴ ጾም መሀል ስለ ቅቤ ጉዳት ይማራሉ እያልኩ አስባለሁ። እንዲህ ያለ ውለታ ይዞ መናደድ ይከብዳል። ሰው ለእኔ ብሎ የሆነ ነገር የተወበት ጊዜ ትዝ አይለኝም ነበርና አንጀቴን በላው።

ውለታውን ልመልስ ብዬም መምህር ሆንኩ። ከክሊኒኩ ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ የተማርኩትን ሁሉ ለእማማ አስተምራለሁ። ዘንቢላቸውን ተሸክሜ፣ በሐኪሟ ድምፅ እየተናገርኩ፣ ወያላው "ጉርድ ሾላ፣ ጉርድ ሾላ" እያለ ሲጮህ፣ "ትንፋሽዎን ወደ ሆድዎ" እላቸዋለሁ።

"እሺ ልጄ።"

"ዓይንዎን ይጨፍኑ እንጂ።"

"ጨፍኜ ነበር፣ አሁን ከፈትኩት።"

"አልጨፈኑም፣ እያየሁዎት እኮ ነው። ካልጨፈኑ አይሠራም።"

እሳቸው ፈገግ ብለው መንገዱን ያያሉ። እኔ ደግሞ የሰሌን ላይ ሊቅ ሆኜ እገሥጻቸዋለሁ። ሌላውም ሰማያዊ ሁሉ፣ ወረቀቱን ለሰጠው ነጭ፣ በየታክሲ ማቆሚያውና በየሱቁ ደጃፍ ትምህርቱን ያካፍል እንደነበር ያኔ አላወቅኩም።

በፋሲካ ዋዜማ ሳምንት ሐኪሟ ሰብስባን ውጤቱን ነገረችን። የሁላችንም ግፊት ትንሽ ትንሽ ወርዷል፤ በሁለቱ ቡድኖች መሀል ግን ልዩነት የለም። "ስለዚህ አተነፋፈሱ ስለ ጨው ከመስማት የተሻለ ነው ማለት አልችልም" አለች። ፊቷ ላይ ሐዘን ነበር። ያኔ የወሎው ባለ ሱቅ በትሕትና እጁን አነሳ።

"ዶክተር፣ እኔ ሰማያዊ ነበር የደረሰኝ፤ ለጎረቤቴ ለቀቅኩላት። ግን አልተጎዳሁም፤ እሷ ቤት ድረስ መጥታ አስተምራኛለች።"

"ለቀቅኩላት ማለት?"

"እኛም ተለዋውጠናል" አለች ሌላዋ ከኋላ፣ ለማጽናናት ብላ።

ሐኪሟ ሁላችንንም ዞር ዞር ብላ አየችን። "ዕጣው እኮ የሚለቀቅ አይደለም" አለች።

"ታዲያ የባሰበት ሰው እያለ?" አለ ባለ ሱቁ፤ የእውነት ግራ ገብቶት ነው የጠየቀው።

ፊቷን በመዳፏ ሸፍና ቆየች። የምታለቅስ መስሎን ደነገጥን፤ እየሳቀች ነበር። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። ሥራዬ በዚያ ትንፋሽ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ሰው ሲወጣ ጠብቄ "ዶክተር፣ ይሠራል ወይስ አይሠራም?" አልኳት። "አላውቅም" አለችኝ። "ላውቅ ነበር፤ አላሳወቃችሁኝም።" ለሳይንስ ያደረግኩት አስተዋጽኦ ይኸው ነው።

የምርመራው ዕለት እማማ ካልሸኘሁህ አሉ። ብከለክላቸውም ነጠላቸውን ለብሰው በር ላይ ጠበቁኝ። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተራ መጠበቅ ያዝን። አተነፋፈሴን ጀመርኩ፤ አይሠራ ይሆናል የሚለው ሐሳብ እየመጣ ያቋርጠኛል። ያችን ያለችኝን ውለታ ያዝኩ።

"እማማ፣ ያገኘሁት ነገር ካለ በእርስዎ ነው። ያን ወረቀት ባይሰጡኝ ኖሮ..."

"ተው፣ አታመስግነኝ" አሉ። "ፈርቼ ነው የሰጠሁህ።"

ቀልድ መሰለኝ። "መተንፈስ ምን ያስፈራል?"

"መተንፈሱ አይደለም፣ ዓይን መጨፈኑ ነው።" ነጠላቸውን አስተካከሉ። "በቀን ዓይኔን ከጨፈንኩ ልጄ ይመጣብኛል። ላምባ ግዛልኝ ብዬ ላክሁት፤ መንገድ ላይ አፍሰው ለጦርነት ወሰዱት። ጀሪካኑን እንደያዘ ነው የሚታየኝ። ጦርነቱም አለቀ፣ የሌሎቹ ልጆች መጡ፣ የእሱን የሚነግረኝ ጠፋ። ሞተም ብሎ የነገረኝ የለም። ያቺ ሐኪም ዓይን ይጨፈናል ስትል ተነስቼ ልሄድ ነበር፤ አንተ ነጩን ይዘህ ስትቆጣ አየሁህና ገላገልከኝ።"

ያን ሁሉ ጊዜ ታክሲ ማቆሚያ ላይ ካልጨፈኑ አይሠራም እያልኩ ስጨቀጭቃቸው የነበርኩት እኔ ነኝ። ለእኔ ተብሎ ተተወ ብዬ የተደገፍኩበትም ነገር ከሥሬ ተነሳ። ስለ ራሴ ላዝን ፈለግኩ፤ አልቻልኩም፣ ያዘንኩት ለእሳቸው ነው። ስሜ ሲጠራ ግፊቴ የት እንደደረሰ ማሰቡን እንኳ ረስቼ ነበር።

በሩ ላይ ነጭ ጋውን የለበሰ ጎልማሳ ቆሟል። እማማ ሊቀሩ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኩ።

"እናቴ ናት" አልኩት። "ትግባ።"

ገብተው ከፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ሰውየው መለኪያውን ጠቅልሎ ነፋ፤ ለቀቀው፤ አዳመጠ። መተንፈሴንም አለመተንፈሴንም አላስታውስም። መለኪያውን ፈታና ወረቀቴ ላይ ጽፎ ሲያበቃ፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሳቸው ዞረ።

"ልጅዎ ደህና ነው፣ እናት።"

እማማ ወደ ሰውየው ጠጋ አሉ።

"እስቲ ድገምልኝ" አሉት።

ሰውየው ጆሯቸው የማይሰማ መስሎት፣ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመላቸው።