ቀለም የሚለይ ስክሪን

ባሌ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከጅቡቲ ወደብ ኮንቴይነር ይጭናል፣ አዲስ አበባ ያራግፋል፣ ይመለሳል። እኔ እዚሁ ጅቡቲ ከተማ አንድ ትንሽ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ የጭነት ሰነድ እሠራለሁ። ሰው ሁሉ መቼ ነው የምትገናኙት እያለ ይጠይቀኛል። እኔ ግን በየቀኑ አየዋለሁ፤ ማለቴ መኪናውን። የመኪናው ባለቤት ጭነቱን ከወደብ የማስወጣለት እኔ ስለሆንኩ የጂፒኤሱን ፓስዎርድ ሰጥቶኛል። ኮምፒውተር ላይ ገጹን ስከፍተው ካርታ ይመጣል፣ ካርታው ላይ አንዲት ትንሽ ቀስት አለች። መኪናው ሲሄድ ቀስቷ አረንጓዴ ናት፣ ሲቆም ቀይ ትሆናለች። ገጹ በስልክ እሺ አይልም፤ ብዙ ታግዬዋለሁ።

ፈሪ ነኝ። ይህን ለመናገር አላፍርም። መኪናው ፔካ 12 የሚባለውን የዳር ሰፈር አልፎ ከከተማ ከወጣ ጀምሮ ሆዴ አንድም ቀን ተረጋግቶልኝ አያውቅም። መንገዱን ከሌሎች ሹፌሮች አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ሙቀቱን፣ የሚፈነዳውን ጎማ፣ በአቧራ ውስጥ መብራት ሳያበራ ፊት ለፊት የሚመጣውን መኪና፣ መንገድ ላይ ድንጋይ ደርድረው የሚጠብቁትን ሰዎች። ባሌ እንዲህ ያለ ወሬ ቤት ይዞ አይገባም። አንድ ነገር ብቻ ነግሮኛል። ጋላፊ ላይ የኢትዮጵያን ድንበር ካለፈ በኋላ ያለው ባዶ ሜዳ ላይ በፍጹም አይቆምም። "እዚያ የሚቆም ሰው ችግር የገጠመው ነው" አለኝ አንዴ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ። ምነው ባልነገረኝ!

ቤታችን የነበረው ስክሪን ከቢሮ ሲጣል አንስቼ ያመጣሁት ነው። የጅቡቲ ሙቀትና አቧራ ተጋግዘው ጨረሱት። ነጩ ሁሉ ቀጭን ሻይ መስሏል፣ ሰማያዊው የት እንደገባ አይታወቅም። ቀይና አረንጓዴ ደግሞ እዚያ ስክሪን ላይ ወንድምና እህት ናቸው፤ አትኩረህ ካላየህ አንዱን ከአንዱ አትለይም። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጄ ጌም ሲጫወትበት ሰዎቹ ሁሉ የጉበት በሽተኛ ይመስላሉ እያለ ያማርራል። አባቱ በመጨረሻ ተሸነፈ። ሊሄድ ሲል፣ እኔ ሳልመለስ ሂዱና ግዙ፣ ግን ለሁለታችሁም የሚሆን ይሁን ብሎን ወጣ።

ለሁለታችን የሚሆን! እሱ ሄዶ እኛ ተጨቃጨቅን። ልጄ የሚፈልገው ፈጣን ስክሪን ነው። አንድ መቶ አርባ አራት ሄርዝ ካልሆነ ጠላት መጥቶ ገድሎት ከሄደ በኋላ ነው የሚያየው አሉ። ደግሞ ጎበጥ ያለ ይሁን ይላል። እኔ የምፈልገው የሰነዱን ደቃቃ ቁጥር ሳላፈጥ የማነብበት፣ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን የማያንጸባርቅበት፣ ቀጥ ያለ ስክሪን ነው። ዋናው ለቀስቷ ብዬ እንደሆነ ግን ለልጄ አልነገርኩትም። እሱም ሳልነግረው ያውቀዋል።

ያን ቀን ቢሮ እንደተለመደው እኩለ ቀን ላይ ተዘጋና ቤት ገባሁ። ገጹን ከፈትኩ። ቀስቷ ጋላፊን አልፋ ያ ስም የሌለው ሜዳ ላይ ነበረች። እዚያ አካባቢ ካርታው ላይ ከተማ የለም፣ ወንዝ የለም፣ አንድ መስመር ብቻ ነው። አረንጓዴ ናት ብዬ አየኋት። ተመስገን አልኩ፣ ምሳዬን በላሁ፣ ማራገቢያው ሥር ተጋደምኩና እንቅልፍ ወሰደኝ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ እንቅልፍ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ሱቆች ተመልሰው ሲከፈቱ ከልጄ ጋር ወጣን። ማዕከላዊ ገበያ አጠገብ አንድ የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ አለ። ባለሱቁ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ጉንጩ በጫት ተወጥሮ "እርስዎ" የሚባል ነገር የማያውቅ፣ ለሁሉም "አንቺ"፣ ለሁሉም "አቦ"። አንዱን ኮምፒውተር ከአራት ስክሪኖች ጋር አያይዞታል፤ አንድ ነገር ሲከፍት በአራቱም ላይ እኩል ይታያል። ለልጄ ጎባጣውን አሳየው፤ ፈጣን ነው፣ ጨለማ ቦታ ላይ ግን ዝርዝሩን ይውጠዋል አለው። ሁለተኛው ፍጥነቱ ለጌም የሚበቃ፣ ቀለሙም ከጎን ሆነህ ብታየው የማይለወጥ ነው አለ። ሦስተኛው ቀለሙ ደማቅ ቢሆንም እንደ መስታወት ያበራል፤ ላብ ያጠመቀው ፊቴን አየሁበትና ዞር አልኩ። አራተኛው ለቢሮ የሚሆን ርካሽ ዕቃ ነበር።

ቪዲዮ ከፈተልን፤ ዓሣ፣ አበባ፣ ፏፏቴ። ሁሉም ያምራል። ግራ ሲገባኝ አየና እንዲህ አለኝ፦ "አቦ እህቴ፣ በአበባ ስክሪን አይመረጥም። ቤትሽ በየቀኑ የምትከፍቺውን ክፈቺበት።"

እውነቱን ነው። ማውሱን ያዝኩና የጂፒኤሱን ገጽ ከፈትኩ። ካርታው በአራቱም ስክሪን እኩል መጣ። መጀመሪያ ያየሁት የጽሑፉን ጥራት ነበር። እንዴት ጥርት ብሏል ልል አፌን ስከፍት ልጄ ክንዴን ያዘኝ።

"እማ፣ ቀይ ነው።"

ክው አልኩ። ጎባጣው ላይ ቀይ፣ ሁለተኛው ላይ ቀይ፣ የሚያበራው ላይ እንደ ደም ቀይ። ያው ስም የሌለው ሜዳ፣ ያው መስመር። ቀስቷን ስነካት አንድ ትንሽ ሳጥን ተከፈተ፤ ፍጥነት ዜሮ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል ይላል። ከጠዋት ጀምሮ! እኔ ምሳዬን ስበላ ቀይ ነበረች። እኔ ስተኛ ቀይ ነበረች። አራተኛው፣ ርካሹ ስክሪን ላይ ብቻ ቀለሙ ወደ ቡናማ ያደላል፤ አረንጓዴ ናት ካልክ አረንጓዴ ልትሆን ትችላለች። እሱን ወደድኩት። "ይሄኛው ይሻላል" አልኩ፣ አፌ እንደመጣለት። ልጄ ዞር ብሎ አየኝ።

ለባሌ ደወልኩ፤ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ለመኪናው ባለቤት ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አያነሳም። ለአለቃዬ ስደውልለት ኔትወርክ ይሆናል፣ ጎማ ይሆናል፣ ሴት ስትባሉ ነገር ታጋንናላችሁ አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን የዚህን ዓይነት ንግግር በዋዛ አላልፍም ነበር። ያን ዕለት ግን ጎማ ይሁን ብዬ ለመንኩ። ጎማ፣ ራዲያተር፣ ምንም ይሁን፣ ሰው ብቻ አይሁን።

ልጄ እንሂድ አለኝ። ምንም ስክሪን አልፈልግም አለ፣ ድምፁ ትንሽ ልጅ ሳለ እንደነበረው ቀጥኖ። ግን የት ነው የምንሄደው? ቤት ያለው ያ ሻይ ቀለም ስክሪን ነው። ቀስቷ ቀለሟን ብትለውጥ በምን አውቃለሁ? እውነቱን የሚነግረኝ ያ ሱቅ ብቻ ነበር። ስለዚህ ስክሪን መምረጥ ጀመርኩ። በሕይወቴ ዕቃ እንዲያ መርጬ አላውቅም። ይሄ ወደ ላይ ከፍ ይላል ወይ? መብራት ሄዶ ሲመጣ አይቃጠልም ወይ? ገመዱ ስንት ነው? ዓይን ያደክማል ወይ? ባለሱቁ ይመልሳል፣ እኔ አልሰማም። ዓይኔ ከቀስቷ አይነቀልም። ገጹን አድሳለሁ፤ ቀይ። ስለ ዋስትናው ጠይቄ አድሳለሁ፤ ቀይ። ሦስት ስክሪን ሙሉ የቆመ መኪና ፊቴ ተደርድሮ፣ እያንዳንዱ ከሌላው የተሻለ ጥራት ያለው ሆኖ፣ አንዱም የምፈልገውን አይነግረኝም። 

ሰውየው ገባው መሰለኝ። ቀስቷን አየ፣ የልጄን ፊት አየ፣ ከዚያ ምንም ሳይጠይቅ የፕላስቲክ ወንበር አምጥቶ ከኋላዬ አስቀመጠልኝ። የአስር ሶላት ሳያልፈኝ ልስገድ ብሎ ተነሳ። ሱቁንስ ስለው፣ አንቺ አለሽ አይደል፣ ገና አልመረጥሽም እኮ ብሎኝ ወጣ። ሞልቶ ከተረፈው ዕቃ መሐል እኔና ልጄ ብቻችንን ቀረን። ያን ጊዜ ነው ልጄ አባዬ ሞቶ ቢሆንስ ብሎ የጠየቀኝ። አፍህን ዝጋ አልኩት። እንዲያ ብዬ ተናግሬው አላውቅም ነበር። እኔም እኮ ከቀይዋ ቀስት ጀርባ የማየው የተገለበጠ መኪና፣ በር ላይ የተንጠለጠለ ክንድ ነበር።

ሰውየው ሰግዶ ተመልሶ ጫማውን እያጠለቀ ሳለ ገጹን አደስኩት። አረንጓዴ!

ልጄ ዘሎ አቀፈኝ። ቀስቷ ሁለተኛው ስክሪን ላይ የለመለመ ሣር መስላ መንገዱ ላይ ወዳለችው ሎግያ ከተማ ታመራለች። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ባለሱቁም አልሐምዱሊላህ አለ፤ ምን እንደሆነ እስካሁን ሳይጠይቀኝ። ይሄን ስጠኝ አልኩት፣ ፊት ለፊቴ ያለውን፣ ሁለተኛውን። ስንት ኢንች ነው፣ ስንት ሄርዝ ነው አላልኩም። ልጄ ግን በካርቶኑ ጎን ያለውን አንብቦ ለጌምም ይሆናል ብሎ ተደሰተ። አባቱ እንዳለው ለሁለታችንም የሚሆን ተገኘ።

ቤት ገብተን ገጠምነው። ገና መሸት ሲል ነው፤ ምድጃ ላይ ፓስታ ጥጄ፣ ቀስቷ ከሎግያ አልፋ በፍጥነት ስትሄድ እያየሁ፣ ከማላውቀው የኢትዮጵያ ቁጥር ስልክ መጣ። ባሌ ነበር። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

"አንቺ፣ እንዳትደነግጪ። ደህና ነኝ።"

እየነዳህ በስልክ አታውራ ብዬ ተቆጣሁት። 

"መኪናው ውስጥ የለሁም" አለ። "ሎግያ ጤና ጣቢያ ተኝቻለሁ።"

ጠዋት ሜዳው ላይ ዓይኑ ጨልሞበት ነበር። ሙቀቱ ነው፤ የመኪናው ማቀዝቀዣ ከተበላሸ ሰንብቷል። እንደምንም ዳር አስይዞ ሲቆም ራሱን ስቶ መሪው ላይ ተደፋ። ከኋላ የመጣ አንድ ሚኒባስ ቆሞ አንስቶ ወሰደው። ስልኩ እዚያው መኪናው ውስጥ ቀረ። የመኪናው ባለቤት ሰምቶ ሌላ ሹፌር ላከና ጭነቱ መንገዱን ቀጠለ። አረንጓዴ ሆነች ብዬ ስስቅ፣ ሳለቅስ፣ ስክሪን ስገዛ፣ እሱ ክንዱ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶለት ተኝቶ ነበር። እሱ እያናገረኝ እንኳ ቀስቷ ያለ እሱ ትሄዳለች፤ ጥርት ያለች፣ የሚያምር ቀለም ያላት። የመኪናውን ባለቤት በኋላ ባገኘሁት ጊዜ እንዳላስደነግጥሽ ብዬ ነው ስልክሽን ያላነሳሁት አለኝ። ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ባሌ አሁን ቤት ነው። ሐኪም የሙቀቱ ወራት እስኪያልፍ መንዳት ከልክሎታል። ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ልጁ ጌም ሲጫወት ያያል፣ ጌሙ ውስጥ ያሉት አሁን እንኳ ሰው ሰው ይመስላሉ ይላል። መኪናውን የሚነዳው ያ ሌላው ሹፌር ነው። ሚስቱ ድሬዳዋ ናት፤ ቁጥሬን ከባሌ ወስዳ በቀደም ምሽት ደወለችልኝ። በአካል አንተዋወቅም። አንቺ ጋ መኪናው ይታያል አሉኝ፣ ቀኑን ሙሉ ስልኩ እንቢ አለኝ፣ እህቴ እባክሽ እዪልኝ አለችኝ። ትንፋሿ ይሰማኛል። ያን ቀን ሱቅ ውስጥ የነበርኩትን እኔን ራሴን የሰማሁ መሰለኝ።

ልጄን ጨዋታውን አቁም አልኩትና ገጹን ከፈትኩ። ቀስቷ ያው ሜዳ ላይ ናት።

"አረንጓዴ ነው" አልኳት።

ተመስገን፣ ተመስገን አለች። በይ አሁን እህል እቀምሳለሁ ብላ መረቀችኝና ዘጋች።

አረንጓዴዋ ቀስት ፊቴ ትሄዳለች። መኪናው እየሄደ ነው፤ ማን እንደሚነዳው ግን ስክሪኑ አያውቅም። ባሌ ከሶፋው ላይ ቀና ብሎ ያየኛል፤ ምን እንዳሰብኩ ገብቶታል፣ የሹፌሩን ቁጥር ሳልጠይቀው ነገረኝ። ደወልኩ። ጥሪ አይቀበልም። እንደገና ደወልኩ። አይቀበልም። ልጄ መጫወቻውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያየኛል። ደግሜ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ቀስቷ ሜዳውን ልትጨርስ ስትቃረብ ነው ስልኩ የጠራው። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ።

"ሃሎ፣ ማን ልበል?" አለ አንድ የወንድ ድምፅ፣ ከኋላው ሞተር እየጮኸ። ድምፁ እስከ ሶፋው ተሰማና ባሌ ራሱ ሹፌሩ ነው አለኝ።

ተሳስቼ ነው ወንድሜ አልኩና ዘጋሁት። ከዚያ ተነስቼ ለልጄ ወንበሩን ለቀቅኩለት።