መካ ደጃፍ ላይ የወረድንበት አውቶቡስ

ባለፈው ሰሞን ከልጄ ጋር ከጅዳ ወደ መካ በፈጣኑ ባቡር ስንመለስ፣ መሐረብ ፍለጋ ቦርሳዬ ውስጥ የከተትኩት እጄ ሎሚ ይዞ ወጣ። ጠዋት ጅዳ በኒ ማሊክ ሰፈር ካለ ሱቅ ከሌላው አስቤዛ ጋር የገዛሁት ነው። ሳላስበው ልጣጩን በጥፍሬ ጫር አድርጌ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት፤ ልጄም አይታኝ ሳቀች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን ዓረብኛው ይቀድማታል። «ማማ፣ ወላሂ ለዚች መንገድ ሎሚ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የባቡሩ መቀመጫ ለስላሳ ነው፣ ሆድ የሚያውክ ነገር የለውም፣ ገና ተመቻችተው ሳይቀመጡ መካ ይደረሳል። እኔ ግን ከተሳፈርን ጀምሮ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን ሁለቴ ዳስሼ፣ ፌስታሎቹን ቆጥሬ፣ የልጄን መሸፈኛ አስተካክዬ፣ አንድ ሰው መጥቶ «ውረዱ» የሚለን ይመስል በመቀመጫዬ ጠርዝ ላይ ነበርኩ። ይህን ፍርሃት ያመጣው የዛሬው ባቡር አይደለም፤ ከአንድ አሮጌ አውቶቡስ ይዤው የወረድኩት ነው።

ያኔ ሦስት ነበርን። ሦስታችንም በኒ ማሊክ በአንድ ሕንፃ ውስጥ የሰው ቤት ሠራተኞች፣ ሦስታችንም የወሎ ልጆች፤ የተዋወቅነውም ደረጃው ላይ ቆሻሻ ልንጥል ስንወርድ ነው። እኔ ሐዋ ከኮምቦልቻ ነኝ፣ የሁሉም ታናሽ። ዘይነብ ከሐይቅ ናት፤ በዕድሜም በምላስም በላያችን ነበረች። ብርቱካን ከወረኢሉ የመጣች ክርስቲያን ናት፣ ፓስፖርቷ ላይ ግን ኸድጃ ትባላለች። ደሴ ያለው ደላላ «በክርስትና ስም ሥራ ቶሎ አይገኝም» ብሎ ስሟን ሲያስቀይራት የአያቷን ስም መንካት እንኳ አላስፈለገውም፤ ወሎ ነውና አያቷ ድሮውንም መሐመድ ነበሩ። እናም ማዳሟ ፊት ኸድጃ፣ ደረጃው ላይ ብርቱዬ ሆና ኖረች። በግራ እጇ አንጓ ላይ በልጅነቷ የተነቀሰችው መስቀል ስለነበረ ሙቀቱ ሲያነድም እጅጌዋን እስከ መዳፏ ጎትታ ነበር የምትሠራው። ማዳሟ አንድ ቀን ስትጠይቃት «የቃጠሎ ጠባሳ ነው» አለች፣ ከዚያ ወዲህ ፋሻ ትጠመጥምበታለች።

እኔንና ብርቱካንን አሠሪዎቻችን ዓርብ ዓርብ ይለቁን ነበር። የዘይነብ ማዳም ግን ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ እንኳ በረንዳ ላይ ቆማ የምትጠብቅ ሴት ናት። ስለዚህ ዘይነብ ከመካ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ ለዓመታት ኖራ ካዕባን አላየችም። ይህ ለሷ ቀላል ነገር አልነበረም። ከሐይቅ ስትነሳ «ሳዑዲ ልትሄድ ነው» ሲባል የሰማ ጎረቤት ሁሉ መካ የምትሠራበት ቤት ጓሮ ያለች መስሎት ዱዓ አደራ ብሏታል፤ የአንዷን ዓይን፣ የአንዱን ልጅ ማጣት፣ የወንድማማቾችን የመሬት ጠብ፣ ሁሉንም በጣቶቿ ቆጥራ ይዛ ነው የመጣችው። ደረጃው ላይ በተገናኘን ቁጥር «የሰው አደራ በልቼ ልሞት ነው» ትለናለች፤ እየሳቀች ነው የምትለው፣ ግን ሳቋ አያሳስቅም።

አንድ ዓመት በእረፍት ወራት አሠሪዎቻችን ተከታትለው ወደ ውጭ ሄዱ፤ የዘይነብ ማዳምም ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልፉን ትታላት ሄደች። በዚያው ሳምንት ደግሞ በደቡቡ ተራራማ ከተማ፣ አብሃ የምትሠራው የብርቱካን ታናሽ እህት ኮንትራቷን ጨርሳ አገሯ ልትገባ መሆኑ ተሰማ። ዘይነብ አላመነታችም፤ መጀመሪያ ብርቱካንን አብሃ አድርሰን እህቷን እንድታይ፣ ስንመለስ ሦስት ሆነን ጅዳ እንገባና ከዚያ እኔና እሷ መካ እንድንሄድ ቆረጠች። እኔ ማዳሞቹ ድንገት ቢመለሱስ፣ ኬላ ላይ ብንያዝስ፣ አውቶቡሱ ገደል ቢገባስ እያልኩ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። የጅዳው አሮጌ ከተማ አል-ባላድ ሄደን ከሁሉ ርካሹን አውቶቡስ ያዝን።

ርካሽነቱ ከሩቅ ይታወቃል። የኔ መቀመጫ አንዴ ወደ ኋላ ተዘርግቶ አልመለስ ያለ ስለሆነ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ጭን ላይ የተኛሁ እመስላለሁ፤ መጋረጃው ናፍጣና የቆየ ላብ ይሸታል፤ ማቀዝቀዣው ደግሞ ወይ ጨርሶ አይነፍስ፣ ወይ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ያገራችን ሰው መኪና ውስጥ ጅብ ቢገባበት ይሻለዋል እንጂ ነፋስ ሲገባበት አይወድም፤ ዘይነብም ገና ከመነሳታችን ካልሲዋን አውልቃ ጠቅልላ የነፋሱን ቀዳዳ ደፈነችው። ውጪው እሳት ነውና ከኋላ ያለው ሰውዬ በዓረብኛ ተማረረ። እሷም ሌላኛውን ካልሲ አውልቃ የሱንም ልትደፍንለት ብድግ ስትል በሳቅ ሞትን። አንዲት ሎሚ ነበረችን፤ ብርቱካን ስታሸት ለኔ፣ እኔ ሳሸት መተላለፊያውን አሻግሬ ለዘይነብ እየሰጠን ከከተማ ወጣን።

ከጅዳ እንደወጣን ሹፌሩ፣ ፓኪስታናዊ ሽማግሌ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ። በባሕሩ መንገድ የሚሄድ ሰው ስላነሰ በመካና በጣኢፍ በኩል እንደሚያልፍ፣ መካ ላይ ሰው ለመጫን ስለሚቆም የፈለገ ታላቁ መስጊድ ሐረም ገብቶ የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን ሰግዶ እንደሚመለስ ነገረን። አውቶቡሱ በሙሉ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ዘይነብ እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፣ ወዲያውም ጣቶቿን እያጠፈች ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች። አደራዎቹን እየቆጠረች ነበር።

እኔ ግን ከጎኔ ያለችውን ብርቱካንን ነበር የማየው። መካ ሙስሊም ያልሆነ ሰው አይገባም። ወረቀቷን ያየ ዘበኛ «ኸድጃ» ብሎ እንደሚያሳልፋት አውቃለሁ፤ ግን ፋሻው ቢፈታስ? ሴት ፈታሽ ብትኖርስ? እሷ እስር ቤት፣ እኛም አብረን። ብርቱካን ወደኔ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ እንዲህ አለችኝ፦

«ሐውዬ፣ ወረቀቱስ ያሳልፈኛል። ለማዳም የዋሸሁት ለእንጀራ ነው፣ እሱን እግዜር ያውቀዋል። ይኼ ግን የእንጀራ አይደለም። የናንተን ቤት በውሸት ስም ልርገጠው?»

ቀጠለችና «እኔ አንዱ ጋ እወርዳለሁ። ለዘይኑ እንዳትነግሪያት፣ ደስታዋን እንዳታጠፊባት» አለች። በዚያ በረሃ መንገድ ሴት ልጅ ብቻዋን የት ትወርዳለች? ከመስኮቱ ውጪ ድንጋይና አሸዋ ብቻ ነው። መካ ይህን ያህል ቀርቷል የሚሉት ሰሌዳዎች በመጡ ቁጥር ቁጥሩ ያንሳል፣ እኔም ሎሚዋን እጨብጣለሁ፤ መጨረሻ ላይ ጭማቂዋ በጣቶቼ መሐል ፈሰሰ። ሽታው አውቶቡሱን ሞላው።

ዘይነብ ዞር ያለችው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ የኔን እጅ፣ ቀጥሎ የብርቱካንን እጅጌ አየች፤ መዳፏን አልፎ ጣቶቿን እስኪሸፍን ጎትታዋለች። ዘይነብ ጣቶቿን መቁጠር ተወች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሰሌዳዎቹን ማየት ጀመረች። ወደ መካ የሚያስገባውና ሙስሊም ላልሆነ ሰው የተተወው መንገድ የሚለያዩበት ቦታ ከፊታችን ሊታይ ሲል ተነስታ ወደ ሹፌሩ ሄደች።

«ሰዲቅ፣ ወዳጄ፣ እህቴ ታማለች፣ አቁም» አለችው በተሰባበረ ዓረብኛዋ።

ሹፌሩ ደግ ሰው ነው። «መካ ደርሰናል እኮ፣ እዚያ ሐኪምም አለ፣ በረካም አለ» አላት።

«ማፊ መካ» አለችው። መካ የለም ማለቷ ነው። «ልታስመልስ ነው፣ ማፊ መካ፣ ኸላስ፣ በቃ።»

መካ የለም ስትል ድምጿ ተሰበረ፤ ሹፌሩ ግን የሰማው ማስመለሱን ነው፣ ለምንጣፉ ደንግጦ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ገባ። ሻንጣችንን አወረድን። አውቶቡሱ አቧራውን አልብሶን በመካ መንገድ ሄደ፤ የዘይነብ ካልሲም ከነፋሱ ቀዳዳ ውስጥ እንደተወተፈ አብሮ ሄደ። ዘይነብ መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር በዓይኗ ሸኘችው።

ብርቱካን የማደያው ግድግዳ ጥላ ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ «ምነው፣ ምነው ዘይኑ፣ ብቻዬን ብወርድ ምን ነበረበት» ትላለች። ዘይነብ መጀመሪያ ተቆጣቻት፣ ቀጥላ አጠገቧ ተቀምጣ በነጠላ ጫማዋ አሸዋውን እየጫረች «ዝም በይ» አለቻት። «እኔ ኸድጃ የምትባል ጓደኛ የለችኝም። ከብርቱካን ጋር ነው የወጣሁት፣ ከብርቱካን ጋር ነው የምመለሰው። አብሽሪ፣ ካዕባው የትም አይሄድም።»

በአንድ ሚኒባስ ወደ ጅዳ ተመለስን፣ እዚያም በባሕሩ መንገድ የሚሄድ ሌላ አውቶቡስ ይዘን የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ ከሞተሩ በላይ ቁጭ አልን። ከመጀመሪያው የባሰ ነበር፤ ከሥራችን ይግላል፣ በየጉድጓዱ ጭንቅላታችን ጣሪያ ይመታል፣ ሎሚያችን አልቃለች፣ ኬላ በመጣ ቁጥር እኔ ኢቃማዬን እዳስሳለሁ። ግን ሦስታችን በአንድ መሸፈኛ ሥር ተጣብቀን፣ የአንዳችን ጭንቅላት የሌላዋ ትከሻ ላይ ወድቆ፣ ዘይነብ «ማፊ መካ» ያለችበትን እየደገምን እንስቅ ነበር። አብሃ ስንደርስ ጉም ነበር። ብርቱካን እህቷን በአሠሪዎቿ ቤት በር ላይ አቅፋ አለቀሰች፣ ከውስጥ ማዳሟ እስክትጠራት ድረስ አለቀቀቻትም።

መካ ከመሄዳችን በፊት ብርቱካንን ቤቷ ልናደርስ ስንመለስ የዘይነብ ማዳም በረንዳው ላይ ቆማ ነበር። ከታሰበው ቀን ቀድማ መጥታ ነው። ዘይነብ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ገባች፣ በሩም ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲያ ለብቻዋ አልወጣችም። ከወራት በኋላ የእናቷ መታመም ተሰምቶ ከዚያው ቤት በቀጥታ ወደ አየር ማረፊያ ወሰዷት። በደረጃው ስትወርድ ያዘችኝና አደራዎቹን አንድ በአንድ፣ ጣት በጣት አስረከበችኝ። የመጨረሻዋ ጣት የብርቱካን ነበረች፤ «ጤና ለምኚላት፣ ግን በስሟ ጥሪያት፣ ኸድጃ እንዳትዪ» አለችኝ። አገሯ ገብታ ብዙ አልቆየችም፣ እናቷን ቀብራ ራሷም ታማ አረፈች። ብርቱካን ያን ጊዜ ደሴ ገብታ ስለነበር ቀብሯ ላይ ቆማለች።

እኔ መካ አገባሁ። ባሌ አያቶቹ ጥንት ከወሎ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነው፤ ጀርወል በሚባለው ሰፈር ልብስ እንሰፋለን፣ ከቤታችን ሐረም በእግር ነው። አሁን መንገዱ ሁሉ ተመችቷል። ባቡሩ ውስጥ ማንም ማንንም አይነካም፣ ሰው ሁሉ ስልኩን ያያል፣ ሎሚም የሚቀባበል የለም። ያን የሚግል ወንበር፣ ያን ጠባብ ቦታ፣ የዘይነብን ከባድ ጭንቅላት ትከሻዬ ላይ መልሶ የሚሰጠኝ ቢኖር ይህን ሁሉ ምቾት እተውለት ነበር። ልጄ ሎሚውን ከእጄ ወስዳ አሸተተችና ፊቷን አጨማዳ መለሰችልኝ።

ብርቱካን ረመዷን በገባ ቁጥር ከደሴ ትደውላለች፤ ገና ስለ ልጆች ሳንጠያየቅ «የዘይኑን አደራ አደረስሽ?» ትለኛለች። አድርሻለሁ። ዘይነብ ልክ ነበረች፣ ካዕባው የትም አልሄደም። ፊት ለፊቱ ቆሜ ጣቶቼን እያጠፍኩ የሐይቅን ሰዎች አንድ በአንድ እቆጥራለሁ፣ ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ መጨረሻ ላይ ብርቱካንን በስሟ እጠራታለሁ። ዘይነብ የሁሉንም ስትነግረኝ የራሷን አልነገረችኝም። የሷ ጋ ስደርስ የማጥፈው ጣት ይጎድለኛል፤ ከዚያ «ዘይነብ ናት የላከችኝ» ብዬ እመለሳለሁ።